ተምችንና ሌሎችን ነፍሳት በቅርብ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ከየወረዳው ስለ ሰብል ጥፋት ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚላከው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ትል ገባብን» ከሚል ቃል አያልፍም። ነገር ግን ትል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ጭፍራ ሠርቶ ሣሩንና እህሉን እየጠረገ ያልፋል፤ ሌላው በበቆሎው ልብ ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል፤ ሦስተኛው አገዳውን ሰርስሮ ከውስጥ ይቦረቡራል፤ አራተኛው ደግሞ ሰብሉን ከቶ ሳይነካ የሰብሉን ጠላቶች እየበላ የሚኖር ወዳጅ ነው። ለነዚህ ሁሉ የሚሆነው መከላከያ አንድ ስላይደለ፣ በዚህ በአንድ ቃል ብቻ ተመሥርቶ መድኃኒት መላክ በሽተኛውን ሳያዩ እንደ ማከም ይቈጠራል። ዐዋቂ ሰው ከከተማ ተነሥቶ ቦታው እስኪደርስም ድረስ ቀኑ ይሄዳል፤ ትሉም በዚያው ያድጋል።

በዛሬው ጊዜ ግን ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ የማይገኝበት ቀበሌ ጥቂት ነው። ሥዕሉ ተነሥቶ በደቂቃ ውስጥ ከሩቅ አውራጃ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። መንገዱ እንዲህ ካጠረ ዘንድ የሚጐድለው ሥዕሉ ራሱ ነው፤ ከሚደርሱን ሥዕሎች የሚበዙት በአረንጓዴ መሐል አንድ ጥቁር ነቁጥ የሚታይባቸው ናቸውና። ነቁጡ ትል ይሁን የቅጠል ጠባሳ ይሁን የሚለይ ዐይን የለም። ስለዚህ አገር ለምታስተዳድሩ ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ላላችሁ ሁሉ፣ ትንንሾቹን ፍጥረታት በቅርብ ፎቶግራፍ የማንሣትን ሥራ ጠባይ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ይህ ሥራ የመዝናኛ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ሆኖም ሥራውን አስቀድመው ካስፋፉት ሰዎች አንዱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ዴቪድ ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሹም ከልዩ ልዩ አገር ጠቃሚ ተክል እየፈለገ ወደ አገሩ የሚያስገባ ሰው ሲሆን፣ ከሚስቱ ከማሪያን ጋር ሆኖ በቤቱ አካባቢ የሚገኙትን ፌንጣ፣ ሸረሪትና ጥንዚዛ እጅግ ረጅም በሆነ ካሜራ እያጐላ አነሣ፤ በፈረንጆች 1914 ዓመትም ሥዕሎቹ «የጭራቆች መጽሐፍ» ተብለው ታተሙ። ካሜራው ረጅም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ መስተዋቱ ከሥዕሉ መቀበያ በራቀ መጠን የነፍሱ መልክ እየጐላ ስለሚሄድ ነው። ማሪያን ስልክን የፈለሰፈው የአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ልጅ ነበረች፤ የአባቷ ስልክ ከጊዜ በኋላ ካሜራ ሆኖ በኪስ ይገባል ብሎ በዚያ ዘመን የገመተ ሰው አልነበረም። በለንደንም በትምህርት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው ፐርሲ ስሚዝ የዝንብን ምላስ አጕልቶ በማንሣት ታውቆ፣ በ1908 በፈረንጆች ዓመት ዝንብ በእግሮቿ ልዩ ልዩ ነገር ስታሽከረክር የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሕዝብ አወጣ። ጸሐፊዎች ለዚህ ሥራ የሚሆን ትዕግሥት ሳይኖራቸው አይቀርም።

የሥዕሉ ጥቅም በይበልጥ የሚገለጠው በመጤው ተምች ነገር ነው። ይህ ተምች አገሩ አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ መግባቱ በፈረንጆች 2016 ዓመት በምዕራቡ ክፍል ታወቀ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ በሸካ በየኪ ወረዳ በበቆሎ ላይ ተገኘ። የእሳት ራቱ በ1 ሌሊት እስከ 100 ኪሎሜትር ለመብረር ስለሚችል ከዚያ ወዲያ በቆሎ በሚዘራበት አገር ሁሉ በቶሎ ተዛመተ። አንዲቱ እንስት በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉንም በቅጠል ላይ ክምር አድርጋ በገላዋ ጠጕር ትሸፍነዋለች። ትሉ ከ80 ዓይነት በላይ ተክል ይበላል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በቆሎን ይወዳል።

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው ተምች ከዚህ የተለየ ነው። አሮጌው ተምች አንዳንድ ዓመት በጭፍራ ይመጣና ጤፉንም፣ ማሽላውንም፣ የግጦሹንም ሣር በሰልፍ ይበላል፤ ከዚያም ይጠፋል። መጤው ግን በየዓመቱ ይኖራል፤ ሲያድግም በበቆሎው ልብ ውስጥ ገብቶ ስለሚሸሸግ በላዩ የሚረጨው መድኃኒት አይደርስበትም። እንግዲህ ገና በሕፃንነቱ፣ ቅጠሉን ከአንድ ወገን ብቻ እየፋቀ እንደ መስኮት መስተዋት የሚያሳይ ስስ ሽፋን በሚያስቀርበት ሰዓት ካልታወቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ከንቱ ይሆናል።

ሁለቱን ለመለየት ብዙ ሰዎች የሚመለከቱት የትሉን ግንባር ነው። በመጤው ተምች ግንባር ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ባላ ተገልብጦ የቆመ የሚመስል ነጭ መሥመር አለ። ነገር ግን ይህ ምልክት ብቻውን ያታልላል፤ የኛው አሮጌ ተምችና ሌሎችም ትሎች ይህንኑ የሚመስል መሥመር አላቸው። የታመነው ምልክት ያለው በስተጅራቱ ነው። ከመጨረሻው ክፍል በፊት ባለው የገላው ክፍል ላይ 4 ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ዳማ መጫወቻ ሰሌዳ አንድ ቤት እኩል በእኩል 4 ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ፤ ከዚያ ፊት ባሉት ክፍሎች ግን የፊተኞቹ 2 ነጠብጣቦች ተቀራርበው የኋለኞቹ 2 ተራርቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ፊቱን ብቻ አሳምሮ ያነሣ ሰው ግማሽ ሥራ ሠርቷል። ከላይ ወደ ታች፣ ከራስ እስከ ጅራት በሙሉ የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ከጐኑና ከፊቱ የተነሡ ተጨማሪ ሥዕሎች ቢኖሩም መልካም ነው። የተበላው ቅጠልና ሙሉው ተክል ደግሞ በየራሳቸው መነሣት አለባቸው፤ የአበላሉ ዓይነት አንዳንድ ጊዜ ከትሉ መልክ ይልቅ ይናገራልና። ለምሳሌ በቅጠሉ ላይ በአግድም የተሰለፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አገዳ የሚቦረቡረውን ትል ያስጠረጥራሉ፤ በበቆሎው ልብ ውስጥ እንደ መጋዝ ብናኝ የተከማቸ እርጥብ ፋንድያ ደግሞ ወደ መጤው ተምች ይመራል።

አሁን ወደ አነሣሡ እንለፍ። በቅርብ የሚነሣ ሥዕል አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ይኸውም ጠርቶ የሚታየው ውፍረት ከሚታሰበው በላይ ስስ መሆኑ ነው። በትልቁ ካሜራ ነፍሱ በሥዕሉ መቀበያ ላይ በራሱ ቁመት ልክ ሆኖ ሲነሣ፣ የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ በ8 ቁጥር ቢደረግ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀዳዳውን አጥብቦ ወደ 16 ቁጥር ቢወስዱት ወደ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ማጥበብ ግን ብርሃኑን ከማሳነሱም ሌላ ሥዕሉን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ዘዴው ካሜራውን ከነፍሱ ገላ ጋር ትይዩ ማድረግ ነው። ትሉ በቅጠል ላይ ተጋድሞ እንደ ሆነ ካሜራው ከበላዩ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ቢራቢሮዋ ክንፏን ገጥማ የቆመች እንደ ሆነ ከጐኗ ይቅረቧት። ካሜራው በጥቂቱ እንኳ ቢያዘነብል ራሱ ጠርቶ ጅራቱ ይጠፋል፤ የምንፈልጋቸው 4ቱ ነጠብጣቦች ደግሞ ያሉት በጅራቱ በኩል ነው።

በስልክ የሚያነሡ ሰዎች የሚሳሳቱት ከመቅረብ ብዛት ነው። ስልኩን ከትሉ ጋር ሊያነካኩት ምንም ያህል አይቀራቸውም፤ የስልኩ መስተዋት ግን ከተወሰነ ርቀት በታች አጥርቶ ማየት ስለማይችል የሚወጣው ጉም ነው። ለብዙዎቹ ስልኮች ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቆ ማንሣትና ኋላ ሥዕሉን ቈርጦ ማጕላት ይሻላል። በስልኩ ላይ ተቈንጥጦ የሚያያዘው ትንሽ አጉሊ መነጽር ዋጋው ብዙ ስላይደለ ለየወረዳው የእርሻ ሠራተኛ አንድ አንድ ቢገዛለት የሚያስቈጭ ወጪ አይሆንም። ደግሞም መስተዋቱን ከማንሣት በፊት በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ቅቤ በነካው ጣት የተዳሰሰ መስተዋት ያበላሸው ሥዕል ስንት እንደ ሆነ የሚያውቀው ሥዕሉን የሚቀበለው ሰው ነው።

ሰዓቱን መምረጥ ከመሣሪያው ይልቅ ይጠቅማል። ነፍሳት የገላቸው ሙቀት ከአየሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ስለ ሆነ፣ በደጋውም በወይና ደጋውም ፀሐይ ሳትሞቅ በጧት ደንዝዘው ይገኛሉ። ቀትር ላይ 3 እርምጃ የማታስቀርብ ቢራቢሮ በማለዳ ጤዛ ለብሳ በሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ ቀርቦ ለማንሣት ትመቻለች። የጧቱ ብርሃንም ለስላሳ ነው። የቀትር ፀሐይ ግን የትሉን ጀርባ አንጸባርቆ ምልክቱን ያጠፋዋል፤ በዚያ ሰዓት ማንሣት የግድ ከሆነ አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ጥላ ቢሠራ ብርሃኑ ይበርዳል፤ ከጥላው ወገን ደግሞ ነጭ ወረቀት ቢያዝ ብርሃኑን መልሶ ያደምቀዋል። ነፋስ ሲኖር አገዳውን በአንድ እጅ መያዝ ወይም ከተተከለ እንጨት ጋር ማሰር ያስፈልጋል፤ በዓይን የማይታይ ንቅናቄ በጐላ ሥዕል ውስጥ ብዙ ነውና።

ወደ ቢራቢሮ የሚቀርብ ሰው ጥላው እንዳይወድቅባት ይጠንቀቅ፤ ዝቅ ብሎ በዝግታ ይሂድ። በወንዝ ዳር በእርጥብ አሸዋ ላይ ተሰብስበው ጨው ያለበትን ውሃ የሚመጡት ቢራቢሮዎች ከሌሎቹ ይልቅ አይደነግጡም። ክንፏንም ከላይና ከታች ሁለቱንም ወገን ማንሣት ይገባል፤ የላዩና የታቹ መልክ ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። የዚህ ጥቅም በአንድ ምሳሌ ይታወቅ። በአገራችን ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባል ብርቱካን መልክ ያላት፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቢራቢሮ አለች። ትሏ እንደ ቶቢያ ያለ ነጭ ወተት የሚያወጣ መርዛም ተክል ስለሚበላ ወፎች አይደፍሯትም። ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባለው ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ መርዝ ሳይኖራት እንስቲቱ የዚያችኑ መልክ ለብሳ ከወፍ ታመልጣለች። ሁለቱን የሚለያቸው በኋላኛው ክንፍ ላይ ያለው ነው፤ የፊተኛይቱ በክንፉ መካከል ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ሲኖራት፣ አስመሳይቱ በክንፉ የላይ ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አላት። የኋላኛው ክንፍ ያልታየበት ሥዕል፣ የቀረው ምንም ያህል ቢያምር፣ ለመለየት አይረዳም።

የነፍሱን መልክ በትክክል ማስቀረት ደግሞ በአንበጣ ጊዜ የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው። በትንቢተ ኢዩኤል ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ በየስማቸው ተለይተው መጠራታቸው የቀድሞ ሰዎች አጥፊን ሁሉ በአንድ ስም እንዳልጠሩ ያሳያል። የበረሃ አንበጣ በብቸኝነት ሲኖር መልኩ አፈርማ ነው። ሲበዛና መንጋ ሲሆን ግን ይለወጣል፤ ኩብኩባው ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ክንፍ ያወጣው ወጣት አንበጣ ሮዝ ይሆናል፤ ለመራባት ሲደርስ ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ሮዝ የሆነው መንጋ ገና እንቁላል አይጥልም፤ ሰብል ይበላል፣ ይበራል። ቢጫው ግን በቅርብ ጊዜ በአሸዋማው መሬት ላይ እንቁላሉን ይጥላል፤ በሞቃት አገርም 2 ሳምንት ያህል ቈይቶ ኩብኩባ ከመሬት ይወጣል። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ምሥራቅ አፍሪካን የመታው አንበጣ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ያልታየ የተባለ ነበር፤ 1 ካሬ ኪሎሜትር የሚሸፍን መንጋ በ1 ቀን የ35,000 ሰው ምግብ የሚያህል ይበላል። እንግዲህ ሥዕሉ በመብራት ሥር በሌሊት ተነሥቶ ሮዙን ቢጫ አስመስሎ ቢያቀርብ፣ የሚረጨው አውሮፕላንና ሰው የሚሰማራበት ቦታና ቀን ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ መፍትሔው እጅግ ቀላል ነው፤ ከአንበጣው አጠገብ አንድ ነጭ ወረቀት አብሮ ይነሣ። ወረቀቱ በሥዕሉ ላይ ቢጫ ሆኖ ከታየ፣ ተቀባዩ ብርሃኑ እንዳሳሳተ ዐውቆ መልኩን ያስተካክለዋል።

አንበጣውን ከሌላ ዓይነት ፌንጣ ለመለየት ደግሞ አንድ ሥዕል ከሥሩ ገልብጦ ማንሣት ይጠቅማል። የበረሃ አንበጣ በፊት እግሮቹ መካከል፣ ከጕሮሮው በታች፣ እንደ ትንሽ ችንካር ያለች ጕብታ አለችው፤ ሎከስታ የሚባለው ተጓዥ አንበጣ ግን ይህች የለችውም። በወሎ ጤፉን የሚያጠፋው ደገዛ ከሩቅ አንበጣ ይመስላል፤ በቅርብ የተነሣ ሥዕል ግን ቀንዶቹ እንደ ክር ረጃጅምና ቀጭን፣ ክንፎቹም አጫጭር መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነገሩ ይለያል።

ሥዕሉ ወዳጅንም ከጠላት ይለያል። በመጤው ተምች ላይ በኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል እጅግ ትንሽ ተርብ እንቁላሏን በትሉ ገላ ውስጥ እየጣለች ትሉን እንደምትገድል ታውቋል፤ በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰቡት ትሎች ሲሶውንና ከዚያም በላይ ይዛ ተገኝታለች። ስለዚህ በደከመ ትል አጠገብ ነጭ፣ ሐር የመሰለ ትንሽ ጎጆ ቢታይ ሳይነኩ ማንሣት ነው፤ በዚያ እርሻ መድኃኒት መርጨት የተርቢቱን ሥራ ማፍረስ ይሆናልና። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽን የምትበላ መሆኗን ብዙ ገበሬ ያውቃል፤ ልጇ ግን አዞ የመሰለች ጥቁር ትል ስለ ሆነች «አዲስ ተባይ» ተብላ በእግር ትደቈሳለች። በሎሚና በብርቱካን ቅጠል ላይ የወፍ ኩስ መስሎ የሚቀመጠው ትል ደግሞ ያደገ ጊዜ አረንጓዴ ይሆናል፤ በተነካም ጊዜ ከግንባሩ ኋላ ብርቱካን መልክ ያለው የሚሸት ቀንድ ያወጣል፤ በመጨረሻም ጥቁርና ቢጫ የሆነች ትልቅ ውብ ቢራቢሮ ይሆናል። ለትንሽ ችግኝ የሚጐዳ ቢሆንም ለትልቅ ዛፍ የሚያስፈራ አይደለምና በእጅ መልቀም ይበቃል።

የእሳት ራት የሚነሣው በሌሊት ነው። ነጭ አንሶላ በግድግዳ ላይ ዘርግቶ ፊት ለፊቱ ፋኖስ ወይም የኤሌክትሪክ መብራት ቢያኖሩ ይሰበሰባሉ፤ ሲያርፉም ያነሧቸዋል። መጤውን ተምች ለመጠበቅ በየእርሻው የሚሰቀለው፣ የእንስቲቱን ሽታ የሚያስመስል ቅመም ያለበት ማጥመጃ የሚይዘው ተባዕቱን ነው፤ ነገር ግን ሌሎች የሚመስሉ የእሳት ራቶችም ይገቡበታል። ተባዕቱ በፊተኛው ክንፉ ጫፍ ነጭ ምልክት ስላለው፣ የተያዘውን ሁሉ እንዲያው ቈጥሮ ከመጻፍ ይልቅ ጥቂቱን በነጭ ወረቀት ላይ ደርድሮ አንሥቶ መላክ ቍጥሩን የታመነ ያደርገዋል። በፈረንጆች 2018 ዓመት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለዚህ ተምች ወሬ መሰብሰቢያ የሆነ የስልክ መሣሪያ አውጥቷል፤ ኑሩ የሚባለውም መሣሪያ የተበላውን ቅጠል በስልኩ ካሜራ አይቶ ይፈርዳል። እነዚህም ቢሆኑ የሚፈርዱት በሚቀርብላቸው ሥዕል ነውና ደብዛዛ ሥዕል ማሽኑንም እንደ ሰው ያሳስታል።

በሥዕሉ ውስጥ ከነፍሱ አጠገብ የሚሊሜትር ማስመሪያ ይኑር፤ ማስመሪያ ባይገኝ የክብሪት እንጨት ይበቃል። ከሥዕሉ ጋር የቀበሌው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተክሉ ዓይነትና ዕድሜ፣ ከ100 ተክል ስንቱ እንደ ተጠቃ ተጽፎ ይላክ። ከሚነሡት ነፍሳት ጥቂቶቹን ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ በአልኮል ውስጥ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሥዕሉ አጠራጥሮ እንደ ሆነ መሥሪያ ቤቱ ጠርሙሱን ይጠይቃል። በጠርሙሱ ውስጥ የሚገባው ወረቀት በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮሉ ስለሚሟሟ የቦታውና የቀኑ ስም ሳይነበብ ይቀራል።